አስፈሪው ማን ነው? ስለ አንድ የፈረንሳይ ፊልምና ስለ እኛ ጅብ

ባለፈው ክረምት ከየዩኒቨርሲቲያችን ለዕረፍት ወደ እነዋሪ የገባን ተማሪዎች ተሰብስበን አንድ ፊልም አየን። ወራቱ የጅሩ ዋልካ ጫማ ከእግር የሚነጥቅበት፣ ከመሸ ከቤት መውጣት የማይታሰብበት ነበር። ከመካከላችን አንዱ በፍላሽ ይዞት የመጣውን ፊልም በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተጠጋግተን፣ ቆሎ እየቆረጠምን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ተመለከትነው።

ፊልሙ «ብሮሴሊያንድ» ይባላል። ዳግ ሄድላይን የተባለ ፈረንሳዊ አዘጋጅቶት በ2003 (እ.ኤ.አ.) በሀገሩ ሲኒማ ቤቶች የታየ፣ በጥቂት ገንዘብ የተሠራ አስፈሪ ፊልም ነው። ብሮሴሊያንድ በምዕራብ ፈረንሳይ፣ በብሪታኝ፣ ጠንቋዩ ሜርሊን ኖረበት እየተባለ በተረት የሚነገርለት ጫካ ነው። በፊልሙ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በጫካው የጥንት ቅርስ ይቆፍራሉ፤ የጥንት ኬልቶች የሃይማኖት መሪዎች ከነበሩት ከድሩይዶች ጋር የተያያዘ ምሥጢር ይነሣል፤ ሰው መሞት ይጀምራል። ከዚህ በላይ አንተርከውም፤ ያላየ ይየው።

ፊልሙ አለቀ፤ አስተያየቱ ግን ከፊልሙ ረዘመ። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣንም ፊልሙ ሳይሆን አስተያየቱ ነው። ሦስት ዓይነት አስተያየት ተሰጠ። ሁለቱን በአጭሩ እንመልሳለን። ሦስተኛውን ግን እኛው ራሳችን በአንድ ድምፅ ያጸደቅነው ስለሆነ፣ ዛሬ በአደባባይ እንቃወመዋለን። ግለ ሂስ ነው ብትሉትም እንቀበላለን።

የመጀመሪያው አስተያየት «ይሄም ፊልም ነው እንዴ?» የሚል ነው። ደሙ ቀለም ነው፤ ጨለማው የበዛው መብራት ስላነሳቸው ነው፤ ሰዎቹ ቂሎች ናቸው፣ ሞት ወዳለበት ቦታ ብቻቸውን ይሄዳሉ፤ ባጭሩ ገንዘብ የለውም፣ አለቀ ደቀቀ። አይ የኛ ነገር! ከልጅነታችን ጀምሮ በየቪዲዮ ቤቱ ያየነው ሁሉ ብዙ ሚሊዮን ዶላር የፈሰሰበት የአሜሪካ ፊልም ስለሆነ ዓይናችን ሀብታም ሆኗል፤ ኪሳችን ግን እዚያው ነው።

ይህ አመለካከት ከሥሩ የተሳሳተ ነው እንላለን። ጆርጅ ሮሜሮ የተባለ አሜሪካዊ በ1968 (እ.ኤ.አ.) «የሕያዋን ሙታን ሌሊት» የተባለውን ፊልም በጥቁርና ነጭ፣ በመቶ ሺህ ዶላር ግድም ሠራው። ከዚያ ወዲህ ከመቃብር የተነሣ ሬሳ ሲንከላወስ የሚያሳይ ፊልም ሁሉ የእሱ ባለዕዳ ነው። ወደ ቤታችን ስንመጣ ደግሞ ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ1974 (እ.ኤ.አ.)፣ አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት፣ በሁለት ሳምንት ግድም፣ በጥቁርና ነጭ ቀርጾታል። ከተዋንያኑ አብዛኞቹ ሙያቸው ትወና አልነበረም። ያ ፊልም ዛሬም በዓለም ዙሪያ ይታያል፤ ብዙ ገንዘብ የበላ ስንትና ስንት ፊልም ግን ስሙን የሚያነሣው የለም። ገንዘብ ካሜራ ይገዛል እንጂ የሚባለውን ነገር አይገዛም። ስለዚህ «ርካሽ ነው» የሚለው አስተያየት ስለ ፊልሙ ምንም አይነግረንም፤ ስለ ተመልካቹ ነው የሚነግረን።

ሁለተኛው አስተያየት የመጣው ከቤቱ ባለቤት ነው። እማማ በመካከሉ ብቅ ብለው ጥቂት አዩና «ምነው ልጆቼ፣ ዩኒቨርሲቲ የላክናችሁ ሰይጣን ቤቴ ድረስ እንድታመጡልኝ ነው?» አሉን። ሳቅን። መሳቃችን ግን ልክ አልነበረም። የእማማ ቃል ታሪክ አለው። አዲስ አበባ ውስጥ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ተንቀሳቃሽ ምስል መታየት በጀመረ ጊዜ፣ ሕዝቡ ማሳያ ቤቱን «የሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። ግድግዳ ላይ ሰው ይሮጣል፣ ፈረስ ይጋልባል፣ መብራት ሲበራ ማንም የለም። ሥራው ያልገባን ነገር ስለሆነ ሠራተኛው ሰይጣን ሆነ።

ይህችን ነገር ልብ በሉልን፤ ኋላ እንመለስባታለን። ምሥጢሩን የማናውቀውን ሙያ የጨለማ ሥራ ማለት የቆየ ልማዳችን ነው። በሲኒማው አልተጀመረም፤ በሲኒማውም አላበቃም።

አሁን ወደ ሦስተኛው እንግባ። ከመካከላችን አንዱ እንዲህ አለ፦ «ቆይ ግን፣ እነሱ ድሩይድ ካላቸው እኛ ቡዳ አለን አይደለም እንዴ? ቀን ብረት ሲቀጠቅጥ ይውላል፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ መቃብር ይቆፍራል! ከዚህ የበለጠ ምን ታሪክ ትፈልጋላችሁ? ለጭምብል እንኳ ገንዘብ አናወጣም፤ ጅቡ ከተማው ዳር አለ።» ተሳቀ። ተጨበጨበ። የራሳችንን ተረት በራሳችን ቋንቋ፣ በራሳችን ሀገር እንሥራ ተባለ። ማን ጅቡን እንደሚሆን ዕጣ ልንጣጣል ደርሰን ነበር። በዚህ መካከል አንድ ጓደኛችን ተነሣና «በሉ ደኅና እደሩ» ብሎ በዚያ ዝናብ ወጥቶ ሄደ።

አባቱ ቀጥቃጭ ነው።

ከዚያ በኋላ ጭብጨባው አልቀጠለም፤ ማንም ግን ተከትሎት አልወጣም። ቆሎው ላይ አቀርቅረን ተቀመጥን። ይህ ጽሑፍ ያን ሌሊት ሳንለው የቀረነው ነው።

በመጀመሪያ ለአስተያየቱ የሚገባውን እንስጠው። የራስን ተረት ፊልም ማድረግ ትክክለኛ ሐሳብ ነው። ፈረንሳዊው የመንደሩን ጫካ ከቀረጸ፣ እኛ የጃማን ገደል የማንቀርጽበት ምክንያት የለም። ተረቱም ኃይለኛ መሆኑን አንክድም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሰሜን ኢትዮጵያ ብዙ ዓመት የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ፣ ቡዳ የተባሉት ሰዎች የሚያደርጉትን ዓይነት የወርቅ ጉትቻ በጅብ ጆሮ ላይ እንዳየ ጽፏል። ጉትቻ ያደረገ ጅብ! ፊልም ሠሪ ሁሉ እንዲህ ያለ ምስል ቢያገኝ እንቅልፍ አይወስደውም። እኛንም አልወሰደን።

ነገር ግን ብሮሴሊያንድና እነዋሪ አንድ አይደሉም። ልዩነቱ የገንዘብ ወይም የካሜራ አይደለም። ድሩይዶች ሰው ይሠዉ ነበር የሚለውን ወሬ በዋናነት ያስተላለፈልን ማን ነው? ሀገራቸውን የወረረው ጁሊየስ ቄሣር ነው። ጎል በሚባለው በዛሬው ፈረንሳይ ላይ ዘምቶ በጻፈው መጽሐፍ፣ ሰዎች በትልልቅ የቅርንጫፍ ምስሎች ውስጥ ታጭቀው በሕይወታቸው ይቃጠሉ እንደነበር ተርኳል። ድሩይዶቹ ትምህርታቸውን በጽሑፍ የማስፈር ልማድ አልነበራቸውም፤ ይህንንም የነገረን ያው ቄሣር ነው። ስለዚህ ከሳሹ ጻፈ፣ ተከሳሹ አልጻፈም፤ ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ የፊልም ሠሪዎች የከሳሹን ቃል ይዘው ካሜራ አነሡ። እውነት ይሁን ውሸት የሚያጣራው የታሪክ ተመራማሪ ነው። ሆኖም የዚያ ዘመን ድሩይድ ልጅ ዛሬ በሬን ከተማ ትምህርት ቤት ውስጥ ብቻውን አይቀመጥም። ፊልሙ የሚጎዳው የለም።

የእኛ ቡዳ ግን በጫካ የጠፋ የጥንት ሰው አይደለም። ቤት አለው። ልጅ አለው። ልጁ ከኛ ጋር ቆሎ ይበላል።

«ዛሬ ማን ያምናል?» የሚል አይጠፋም። ለዚህ መልሱን ከራሳችን እንስጥ። አንደኛ ደረጃ ስንማር ምሳችንን ይዘን ነበር የምንሄደው። ያ ጓደኛችን በአጠገባችን ሲያልፍ የምሳ ዕቃችንን ክዳን እንከድን ነበር። ማንም በቃል አላስተማረንም፤ ታላላቆቻችን ሲያደርጉ አይተን ነው። እሱም ይህን ስለሚያውቅ ምሳውን ከግቢው አጥር ሥር ብቻውን ይበላ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብተን ስንት መጽሐፍ ካነበብን በኋላም ይህን ጉዳይ አንድ ቀን አንሥተንለት አናውቅም። አሁንም «አናምንም» እንላለን። ጋብቻ ሲመጣ ግን ሽማግሌ ተልኮ አጥንት ይቆጠራል፤ «በዘራቸው እንዲህ ያለ ነገር የለም ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። የማያምን ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል?

ይህ በእነዋሪ ብቻ ያለ እንዳይመስላችሁ። ከ1839 እስከ 1842 (እ.ኤ.አ.)፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በአንኮበር የነበረው ሚሲዮናዊ ክራፕፍ፣ በዚያው በሸዋ «ጠቢባን» የሚባሉ የእጅ ባለሙያዎች እንደነበሩና ሕዝቡ እንደ ጠንቋይ ይፈራቸው እንደነበር መዝግቧል። ቃሉን አስተውሉት! ጠቢብ ማለት አዋቂ ማለት ነው። ያው ቃል ተንሻፍፎ «ጠይብ» ሲሆን ስድብ ሆነ። የሰውየውን ጥበብ ወስደን ስሙን መልሰን ወረወርንበት። በጎንደር በኩል ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ የነበሩት ቤተ እስራኤሎች በዚሁ ክስ ኖረዋል፤ ሐጋር ሰለሞን የተባለች ተመራማሪ በ1999 (እ.ኤ.አ.) ስለ እነሱ ያሳተመችውን መጽሐፍ «የጅብ ሰዎች» ብላ የሰየመችው በዚህ ምክንያት ነው።

ክሱ እንዴት እንደሚሠራም እንመልከት፤ ከሰማይ የወረደ አይደለምና። በብዙ የሰሜን ኢትዮጵያ አካባቢ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ርስት አልነበረውም። ገበሬው መሬት ነበረው፤ ማረሻ ግን መሥራት አይችልም። ስለዚህ የናቀውን ሰው ደጅ መጥናት ነበረበት። የሚናቅ ሰው የሚያስፈልግ ሲሆን ይፈራል። በዚህ ላይ ሕፃን በተቅማጥ ወይም በሳንባ ምች ይታመማል፤ ሐኪም የለም፤ ምክንያት ግን መገኘት አለበት። በሽተኛው በጭስ ይታጠናል፣ «ማን በላህ? ተናገር!» እየተባለ ይጨነቃል፣ ይለፈልፋል። በመጨረሻ አንድ ስም ከአፉ ይወጣል። የሚወጣው ስም የባለ ርስቱ አይደለም፤ የቀጥቃጩ ወይም የሸክላ ሠሪዋ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል፤ ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት አልፏል። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅም የርስቱን ሥርዓት ናደ። መሬቱ ተዋጀ፤ ተረቱ ግን አልተዋጀም። ተረቱን የሚያቆየው ደግሞ አሮጊትና ሽማግሌ ብቻ አይደለም። ያን ሌሊት በላፕቶፕ ፊት ያጨበጨብነው እኛ፣ የተማርነው፣ ካሜራ ሊያነሣ የተነሣው ትውልድ ነን። የእማማ ሰይጣን የማንንም ምሳ አላስከደነም። የእኛ ጅብ ግን አስከድኗል። ታዲያ ኋላ ቀሩ ማን ነው?

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣብን እናውቃለን።

አንደኛው «ኪነ ጥበብን ልታስሩ ነው፤ ተረት ተረት ነው፣ ተዉት» የሚል ነው። እኛ ማንም ምንም እንዳይሠራ አላልንም። ጥያቄያችን ካሜራው የት ይቁም የሚል ነው። ካሜራው ከሕዝቡ ጋር ቆሞ የቀጥቃጩን በር እያየ ከሆነ፣ ከበሩ የሚወጣው ሁሉ ጅብ ነው። ካሜራው ከቀጥቃጩ ቤት ውስጥ ሆኖ ወደ ውጭ ካየ ግን፣ በጨለማ ችቦ ይዞ የሚመጣው ሕዝብ ነው አውሬው። ቦታው አንድ ነው፣ ሌሊቱ አንድ ነው፣ ወጪውም አንድ ነው። የሚለየው የቆምንበት ወገን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «እንግዲያማ ስብከት ልትሠሩ ነው፤ ትምህርታዊ ድራማ ማን ያያል?» የሚል ነው። እንዴ! ስብከት ማን አለ? እኛ የምንለው እንዲያውም ይበልጥ እንዲያስፈራ ነው። ቀደም ብለን የጠቀስነውን የሮሜሮን ፊልም መጨረሻ ያየ ያስታውሳል። ጥቁሩ ጀግና ሌሊቱን ሙሉ ከሬሳዎቹ ጋር ታግሎ በሕይወት ያድራል፤ ሲነጋ ጠመንጃ የያዙ ጤነኛ ሰዎች ይመጡና ሬሳ ነው ብለው ተኩሰው ይገድሉታል። ከፊልሙ ሁሉ የሚያስፈራው ያ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ጭምብልም ቀለምም አላስፈለገም። ዛምቢያ የተወለደችው ሩንጋኖ ኒዮኒ በ2017 (እ.ኤ.አ.) «ጠንቋይ አይደለሁም» የተባለ ፊልም ሠርታለች። አንዲት ትንሽ ልጅ ጠንቋይ ናት ተብላ ትከሰሳለች፤ እንዳትበርር በረጅም ነጭ ጥብጣብ ታስራ ከሌሎች ተከሳሽ ሴቶች ጋር ትኖራለች። በፊልሙ አንድም ጭራቅ የለም። ጥብጣቡ ብቻ ይበቃል። ከእኛው ሀገርም ሚሼል ፓፓታኪስ በ1974 (እ.ኤ.አ.) «ጉማ»ን ሲሠራ፣ የደም ካሳን ልማድ ወስዶ ፊልም አድርጎታል። መንገዱ አልተዘጋም፤ ሌሎች ሄደውበታል።

አውሮፓውያኑም ቢሆኑ ከዚህ ዕዳ ነጻ አይደሉም። የታሪክ ተመራማሪዎች እንደሚገምቱት ከ15ኛው እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ከ40 ሺህ እስከ 60 ሺህ የሚሆኑ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ በጥንቆላ ተከስሰው በአውሮፓ ተገድለዋል። የዛሬው ፈረንሳዊ በጠንቋይ ተረት ፈርቶ የሚዝናናው ክሱ በሀገሩ ፍርድ ቤት ካበቃ በኋላ ነው። እኛ ክሱ ሳያበቃ መዝናናት አማረን።

እንግዲህ ሐሳባችንን በጨዋታ ሳይሆን በቁም ነገር እናቅርብ። ፊልሙ ይሠራ። እነዋሪ ይሠራ። በትንሽ ገንዘብ፣ ባለን ካሜራ፣ ስልክም ቢሆን ይሠራ። የክረምት ሌሊት ነው። የታመመ ሕፃን አለ፤ እናቱ ታቅፈዋለች፤ ቤቱ በጭስ ታፍኗል። ሰዎቹ ክፉዎች አይደሉም፤ ልጁን የሚወዱ ጎረቤቶች ናቸው፤ ቡና ጠጥተው የተነሡ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ። «ማን በላህ? ንገረን የኔ ልጅ» ይላሉ፣ በልስላሴ። ልጁ ትኩሳት ላይ ነው፤ የሚያውቃቸውን ስሞች ሁሉ ይቀባጥራል፤ ማንም አይሰማውም። አንዱን ስም ሲጠራ ግን ቤቱ ጸጥ ይላል። በከተማው ዳር ደግሞ ወናፍ ይነፋል፤ አንድ ሰው በማግሥቱ ለገበያ የሚወጣ ማጭድ ያሾላል፤ ልጁ በኩራዝ ያጠናል። ውሻ ይጮኻል። በጭቃው ውስጥ የብዙ ሰው እግር ይሰማል። ጅብ ከሩቅ ይጮኻል፤ እሱ እውነተኛ ጅብ ነው፣ ማንንም አልሆነም። የእግሩ ድምፅ ከደጁ ይቆማል። በሩ ይንኳኳል። ይህን አይቶ ያልፈራ ተመልካች ካለ ይምጣና ይንገረን።

ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው እኛ ከሕዝቡ መካከል እንደነበርንና ክዳኑን እንደከደንን ማመን ነው። ፊልሙን ሠርተን እኛን ንጹሓን አድርገን ካቀረብን፣ ከቄሣር መጽሐፍ አይሻልም።

ያ ጓደኛችን ከዚያ ሌሊት በኋላ መንገድ ላይ ሰላም ይለናል፤ ወደ ስብሰባችን ግን አልተመለሰም። ይህን ጽሑፍ ከማባዛታችን በፊት አንድ ቅጂ ሰጥተነዋል። አንብቦ «የአባቴን ሙያ በትክክል ጽፋችኋል» አለ፤ ሌላ አልጨመረም። ይቅርታ አድርጎልናል ብለን አልወሰድነውም፤ እኛም ገና በወጉ አልጠየቅነውም።

ክረምት ከመግባቱ በፊት አባቶቻችን ማረሻ ለማስቀጥቀጥ ወደ አባቱ ቤት ይሄዳሉ። የጅሩ ጤፍና ስንዴ፣ ስሙ የተጠራው የጅሩ ሰንጋም ሳይቀር፣ ከዚያ ከወናፍ ፊት ይጀምራል። ዘንድሮ እኛም አብረን እንሄዳለን። ከደጅ አንቆምም፤ ከገባን ቡና ከተፈላ እንጠጣለን፣ ምሳ ከቀረበ እንበላለን። ከዚያ በኋላ ስለ ፊልሙ እናወራለን።

የሚቃወመን ካለ ይጻፍ። መልስ እንሰጣለን።